የእንግዴ ልጅ ሲላቀቅና ደም አልረጋ ሲል፦ ፕላዝማ በሌለበት ሆስፒታል ምን ይደረግ?

ጥያቄው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከሚሠሩ አዋላጅ ነርስ የመጣ ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የ28 ዓመት እናት፣ ሦስተኛ እርግዝና፣ 34 ሳምንት፣ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ያላት፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር መጣች። ሆዷ እንደ እንጨት ደርቋል፤ የፅንሱ የልብ ምት የለም፤ በብልቷ የሚታየው ደም ግን ከአንድ ሞዴስ አይበልጥም። የደም ግፊቷ 110/70፣ የልብ ምቷ 128፣ ሄሞግሎቢኗ 9፣ ፕላትሌቷ (ደም ለማርጋት የሚረዱት ደቃቅ ሴሎች) 92 ሺህ ነበር። የሽርት ውሃውን አፈሰስን፤ ከ5 ሰዓት በኋላ በምጥ ወለደች፤ እንግዴ ልጁም ከብዙ የረጋ ደም ጋር ተከትሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚፈሰው ደም አልረጋ አለ። ካኑላ ከገባበትና ከተሰፋው ቦታም ይንጠባጠብ ጀመር። ኦክሲቶሲን፣ 3 ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ ቫይታሚን ኬ እና ዳይሲኖን (መድማት ያቆማል የሚባል መድኃኒት) ሰጠናት፤ አልቆመም። በመጨረሻ የተገኘውን 2 ዩኒት ሆል ብለድ (ያልተከፋፈለ ሙሉ ደም) እየሰጠን 3 ሰዓት ወደሚያስኬደው ሪፈራል ሆስፒታል ላክናት፤ ተርፋለች። እኛ ጋ የደም መርጋት የሚለካ ላብራቶሪም ኤፍኤፍፒም (በበረዶ የተቀመጠ ፕላዝማ) የለም። ቫይታሚን ኬው ለምን አልሠራም? ደሟን ያበላሸው የሞተው ፅንስ ነው? ገና ስትገባ ኦፕራሲዮን መደረግ ነበረባት? በእጃችን ባለው ነገር ምን ማድረግ እንችል ነበር?»

ከቫይታሚን ኬ እንጀምር። ጉበት ቫይታሚን ኬን የሚፈልገው 2ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ እና 10ኛ የሚባሉትን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ለመሥራት ነው። እነዚህ ሲጎድሉ መርፌው ይጠቅማል፤ ያም ቢሆን ውጤቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። በእርስዎ ታካሚ ላይ በመጀመሪያ ያለቀው ግን ፊብሪኖጅን ነው፤ ወደ ክር ተለውጦ የረጋውን ደም የሚያያይዘው ፕሮቲን። ፊብሪኖጅን ከቫይታሚን ኬ ጋር ግንኙነት የለውም። ጉበቷም አላነሰም፤ የሠራውን ሁሉ ማህፀኗ ውስጥ ያለው ቁስል በላው እንጂ። ዳይሲኖንም በእንዲህ ዓይነቱ መድማት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ሁለቱም በቀጥታ ጉዳት አላደረሱባትም። የጎዳት እነሱን ሲቀዱ፣ ሲሰጡና «እስኪ ትንሽ እንይ» ሲባል ያለፈው ጊዜ ነው።

የሞተ ፅንስ ደም ይመርዛል የሚለው በሙያተኛም በቤተሰብም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ በዚህች እናት ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ሁለት ነገር አብሮ ሆነ። ፅንሱ ኦክሲጅን አጥቶ ሞተ፤ ከተላቀቀው ቦታ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያዝ ንጥረ ነገር በብዛት ወደ እናቲቱ ደም ሥር ገባ። ይህ ንጥረ ነገር በማህፀን ግድግዳና በእንግዴ ልጅ ውስጥ እጅግ የበዛ ነው፤ ጤነኛ ወላድ ቶሎ ደሟ የሚቆመውም በእርሱ እርዳታ ጭምር ነው። በቦታው ሲሆን የሚያድነው ነገር በመላ ሰውነቷ ሲሰራጭ ግን ፊብሪኖጅኗና ፕላትሌቷ በየደቃቁ የደም ሥር እየረጋ ያልቃል፤ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ የተጠራቀመው ትልቅ የረጋ ደምም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሰውነቷ ይህን የረጋ ደም ለማሟሟት ሲነሳ ደግሞ የተረፈችውንም ክር ይበጥሳታል። ዲአይሲ የምንለው ይህ ነው። ፅንስ ሞቶ በማህፀን መቆየቱ ብቻውን የደም መርጋትን የሚያውከው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የፅንሱን ሞት የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ስፋት መለኪያ አድርገው ይዩት። ፅንስ እስኪሞት ድረስ የተላቀቀ እንግዴ ልጅ ካላቸው እናቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ከባድ የደም መርጋት ችግር ይገጥማታል። ይህን ለቤተሰቡም መንገር ይገባል፤ ልጁ እናቱን አልመረዘም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ያሳሳቱት እነሱ ናቸውና። 110/70 የሚለው ግፊት ለጤነኛ ሴት መልካም ነው፤ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ያላትና ምናልባት ከጥቂት ሰዓት በፊት 170/110 ለነበረች እናት ግን ወደ ሾክ መውረድ ነው። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት ያካፍሉት፤ 128 ለ110 ሲካፈል 1.16 ይሆናል። 0.9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ደም እንዳጣች ቆጥረው ይነሱ፤ 1.7 ከደረሰ ደግሞ እያንዳንዱ ደቂቃ ይቆጠራል። ሄሞግሎቢን 9 የሚናገረው ስለ ትናንትና ነው፤ በድንገት ሲደማ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ፈሳሽ ገብቶ ደሙን ሲያቀጥነው ነውና መጀመሪያ ላይ ያታልላል። በሞዴስ የታየው ደምም እንዲሁ፤ ደሙ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ተደብቆ ሳለ ውጭ የሚታየው ጥቂት ሊሆን ይችላል። የሆዱ መጠንከር ከሞዴሱ የበለጠ ይናገራል።

ፕላትሌት 92 ሺህ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን በዚህ መጠን ብቻ ደም ከካኑላ ሥር አይንጠባጠብም። ፕላትሌት ያለ ፊብሪኖጅን ክር እንደሌለው መርፌ ነው። ፊብሪኖጅን ከእርግዝና ውጭ በ200 እና በ400 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መካከል ሲሆን፣ በእርግዝና መጨረሻ ወደ 400–600 ይወጣል። ስለዚህ ፊብሪኖጅን በሚለካበት ቦታ እንኳ «220፤ ኖርማል» ተብሎ የሚመለስ ወረቀት ለወላድ ኖርማል አይደለም፤ ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። ከ200 በታች ሲሆን መድማቱ ከባድ እንደሚሆን አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ፕሮትሮምቢን ታይም (ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) የሚረዝመው ዘግይቶ ስለሆነ፣ እርሱ ኖርማል ነው ተብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ዲዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣ ስባሪ) ደግሞ በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ ከፍ ስለሚል እዚህ ብዙም አይረዳም።

ላብራቶሪ የለንም ላሉት መልሱ አንድ የመስታወት ቱቦ ነው። ይህን ምርመራ እያንዳንዱ የወሊድ ክፍል ሊሠራው ይችላል፤ ግን በትክክል ሲሠራ አላይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን እንየው። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ምንም ያልተጨመረበት፣ 10 በ75 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ቱቦ ያዘጋጁ። ፈሳሽ ከሚገባበት ክንድ ሳይሆን ከሌላው ክንድ 2 ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም ይቅዱ፤ ቱቦው ውስጥ ይጨምሩና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ቱቦውን በመዳፍዎ ጨብጠው እንደ ሰውነት ሙቀት ያቆዩት፤ ጠረጴዛ ላይ በብርድ የተተወ ቱቦ ዘግይቶ ይረጋና ያሳስታል። ከ4 ደቂቃ በኋላ ቱቦውን በቀስታ ያዘንብሉት፤ ከዚያ በየደቂቃው ይድገሙ። ጤነኛ ደም ረግቶ፣ ቱቦው ሲገለበጥ እንኳ ሳይፈስ ይይዛል። 7 ደቂቃ ሞልቶ ካልረጋ፣ ወይም ረግቶ በቀላሉ የሚፈራርስ ልፍስፍስ ከሆነ፣ የመርጋት ችግር አለ ብለው ሕክምናውን ይጀምሩ። ማረጋገጫ ብለው አይጠብቁ። የረጋውንም አይጣሉት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ረግቶ የነበረው ተመልሶ ከቀለጠ የማሟሟቱ ሥራ በርትቷል ማለት ነው።

ይህ ምርመራ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ቱቦው ነው። ደም ቶሎ የሚረጋው መስታወት ሲነካ ነው፤ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ያዘገየዋል። በሌላ በኩል ዛሬ የሚመጡት ብዙዎቹ ቀይ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ደም እንዲረጋ የሚያፋጥን ዱቄት በውስጣቸው ተቀብቷል፤ በእነሱ ከሠሩ የታመመው ደምም ጤነኛ መስሎ ይታያል። ወይንጠጅና ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ደግሞ ጭራሽ እንዳይረጋ የተደረጉ ናቸው። ሁለተኛው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ቱቦ ነው። ሦስተኛው ንጽጽር አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ቱቦ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ ጤነኛ የሥራ ባልደረባ 2 ሚሊ ሊትር ቀድተው ጎን ለጎን ይያዙ። የእርሱ ረግቶ የእርሷ ካልረጋ ጥርጣሬ አይቀርም። ምርመራውን ስትገባ፣ እንደወለደች፣ ከዚያም ከየ2 ዩኒት ደም በኋላ ይድገሙ። አራት የመስታወት ቱቦ በፕላስተር ጠቅልሎ በድንገተኛ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ማኖር ምንም አያስወጣም።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ ያደረጋችሁት ትክክል ነበር። ፅንሱ ሞቷል፤ እናቲቱ በሕክምና መረጋጋት ትችላለች፤ ምጡም እየሄደ ነው። እንዲህ ሲሆን ምርጫው በምጥ ማዋለድ ነው። ፊብሪኖጅን በሌላት ሴት ላይ የሆድ ግድግዳንና ማህፀንን መቅደድ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ሁለት መጨመር ነው። ከምጥ በኋላ ማህፀን ሲኮማተር የእንግዴ ልጁን ቦታ የደም ሥሮች በጡንቻ አንቆ ይዘጋቸዋል፤ ለዚህ የደም መርጋት ብዙም አያስፈልግም። የቢላዋ ቁስል ግን ያለ መርጋት አይዘጋም። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ፅንሱ ሕያው ሆኖ ሊተርፍ ሲችል፣ ምጡ ሳይሄድ እናቲቱ በመድማት እየወደቀች ሲሆን፣ ወይም በብልት መውለድን የሚከለክል ሌላ ምክንያት ሲኖር ነው። ያኔም ደም እየገባ እንጂ «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንሰጣታለን» ተብሎ አይገባም፤ የጀርባ ሰመመን በማይረጋ ደም ላይ ክልክል ነው፤ በአከርካሪ ውስጥ የሚጠራቀም ደም እግሯን ሊያሽመደምድ ይችላል። የሆድ መቁረጫው ወደ ታች የሚወርድ መስመር ቢሆን ይሻላል፤ የሚላቀቀው ንጣፍ ያንሳልና። በምጥ ስትወልድም ኤፒዚዮቶሚ (የብልት መውጫን ማስፊያ) አይቁረጡ፤ የእርስዎ ታካሚ የደማችው ከስፌቱም ጭምር እንደነበር ልብ ይሏል።

እንግዴ ልጁና የረጋው ደም ከማህፀን እስካልወጡ ድረስ የሚሰጠው ደም ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መሙላት ነው። ሲወጡ ግን ፍጆታው ይቆማል። ጉበት ፊብሪኖጅንን በሰዓታት ውስጥ መተካት ይጀምራል፤ ፕላትሌት ግን ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከወሊድ በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ክፉ ሰዓታት ማሻገር ነው። ማሻገሪያው ደግሞ ደም ነው፤ በተለይም ሆል ብለድ።

ለዚህ የሚሆን ሒሳብ አለ። በአንድ ዩኒት ሆል ብለድ ውስጥ ያለው ፊብሪኖጅን ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የእናቲቱ ፕላዝማ 3 ሊትር ነው ብንል፣ ፊብሪኖጅኗን ከ100 ወደ 200 ለማውጣት 3 ግራም ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ወደ 6 ዩኒት ሆል ብለድ ነው። 2 ዩኒት ሕይወቷን አቆይቷል፤ መርጋቱን ግን ሊያስተካክል አይችልም ነበር። ኤፍኤፍፒ ባለበት ቦታ መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ60 ኪሎ ሴት 900 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 ከረጢት ገደማ ይሆናል። አንድ ከረጢት ሰጥቶ «ፕላዝማ ወስዳለች» ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው። ክራዮፕሪሲፒቴት (ከፕላዝማ የሚወጣ፣ ፊብሪኖጅን የበዛበት ክፍል) ባለበት 10 ዩኒት ይሰጣል፤ ፊብሪኖጅንን በትንሽ ፈሳሽ ብዙ የሚያስገባው እርሱ ነው። እየደማች ፕላትሌቷ ከ50 ሺህ በታች ከሆነም ፕላትሌት ይሰጣል። ግቡ ፊብሪኖጅን ከ200 በላይ፣ ፕላትሌት ከ50 ሺህ በላይ ነው።

ሆል ብለድ ስል ፓክድ ሴል ማለቴ አይደለም። ፓክድ ሴል ኦክሲጅን ይሸከማል፤ ፕላዝማው ስለተወሰደ ግን ለመርጋት የሚሰጠው የለም። 4 ዩኒት ፓክድ ሴል ብቻ የወሰደች እናት መልኳ ይመለሳል፤ ደሟ ግን ይበልጥ ይቀጥናል። ደም ባንክ ሲደውሉ ቃሉን አጥርተው «ሆል ብለድ፤ ካለ በቅርብ የተወሰደ» ብለው ይጠይቁ። ከለጋሽ ከተወሰደ 24 ሰዓት ያልሞላው ከሁሉ ይሻላል፤ ፕላትሌቱም ሌሎቹም ቶሎ የሚበላሹ የማርጊያ ፕሮቲኖች ገና አሉበትና። የቆየ ሆል ብለድ ከንቱ ነው የሚለው ግን ስህተት ነው፤ በፍሪጅ ሲቀመጥ ፕላትሌቱ ይሞታል፤ ፊብሪኖጅኑ ግን በአብዛኛው ይቆያል። ካለው ይስጡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ሆስፒታሉ ደም እንዲወስድ የተፈቀደለት ሆኖ ዘመድ እዚያው ቢለግስ እንኳ፣ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራና ክሮስማች (የለጋሽና የተቀባይ ደም መስማማቱን ማየት) አይዘለልም። ሌላው፣ «ኦ ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ለፓክድ ሴል ነው። የኦ ሆል ብለድ ፕላዝማ የኤ እና የቢ ሴሎችን የሚያጠቃ ነገር ስላለበት፣ ሆል ብለድ ከራሷ የደም ዓይነት ይሁን። የደም ዓይነት ማወቅ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳልና ስትገባ ይሠራ።

አሁን ስለ 3 ሊትሩ ሳላይን። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ፤ በየቦታው የሚደገም ነው። ሳላይን አይረጋም። የመጀመሪያው ሊትር በፍጥነት ይግባ፤ ሾኩ ካስገደደ ሁለተኛውም ይከተል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰቀለው ከረጢት ደም መሆን አለበት። ሦስተኛው ሊትር የቀረችውን ፊብሪኖጅን ያቀጥናል፤ ሰውነቷን ያቀዘቅዛል፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ስላለባትም ሳንባዋ ውኃ እንዲቋጥር መንገድ ይከፍታል። ብርድ ራሱን የቻለ የመድማት ምክንያት ነው። ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ያሉት ፕላትሌቶችና ፕሮቲኖችም ሥራቸው ይዳከማል። የረጠበውን አንሶላ ያውጡ፤ ብርድ ልብስ ይደርቡ፤ መስኮቱን ይዝጉ፤ ሳላይኑን በሰውነት ሙቀት ልክ ያሙቁት። የደም ከረጢት ግን በፍል ውሃ አይነከርም፤ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ደም በከረጢት ሳይረጋ የሚቆየው በውስጡ በተጨመረው ሲትሬት ነው፤ ሲትሬት ደግሞ ካልሲየሟን ያስራል፤ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። በግምት ከየ4 ዩኒት በኋላ 10 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተደርጎ ይሰጥ፤ በሌላ ካኑላ፤ ደም ወይም ሴፍትሪያክሶን በሚገባበት መስመር በፍጹም አይሁን።

የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በጥያቄዎ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ መጠቀስ ነበረበት። በ2017 ይፋ የሆነውና ከ20 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ከወሊድ በኋላ በመድማት የሚመጣን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥቅሙ ግን በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ በየ15 ደቂቃው መዘግየትም 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ይሰጣል። አምፑሉ 500 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከሆነ ሁለት አምፑል ማለት ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ መድማቱ ከቀጠለ፣ ወይም ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ፣ ሌላ 1 ግራም ይደገማል። ከደም ጋር ወይም ፔኒሲሊን ካለበት ፈሳሽ ጋር አይቀላቀልም። ያለችውን ክር ከመበጠስ ይጠብቃል እንጂ አዲስ ክር አይሠራም፤ ስለዚህ የደም ምትክ አይደለም። አምፑሉ ከጀርባ ሰመመን መድኃኒት ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጥ፤ በስህተት አከርካሪ ውስጥ ሲገባ ይገድላል፤ መልካቸው የሚመሳሰል አምፑሎች ስላሉ ይህ በተለያዩ አገሮች ደርሷል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ደግሞ እየደማች ላለች እናት አይሰጥም፤ ዲአይሲ ሲባል የድሮ ደብተር ገልጦ እርሱን የሚያነሳ ሰው ካለ ያስቁሙት።

መድማቱ ከየት እንደሆነ ሁልጊዜ በእጅዎ ይፈትሹ። ማህፀኑ ልፍስፍስ ከሆነ ኦክሲቶሲን 20 ዩኒት በ1 ሊትር ፈሳሽ በደቂቃ 60 ጠብታ፣ ማሸት፣ ከምላስ ሥር 800 ማይክሮ ግራም ሚሶፕሮስቶል፣ ከዚያም በኮንዶምና በካቴተር የሚሠራው የማህፀን ባሉን ይከተላሉ። ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ማህፀን የሚያኮማትረውን ኤርጎሜትሪን አትወስድም፤ ይህች እናት አሁን ግፊቷ የወረደ ቢመስልም ፕሪኤክላምፕሲያዋ አልጠፋም። ማህፀኑ ጠንክሮ ሳለ ደሙ ከካኑላው፣ ከስፌቱ፣ ከድድዋ ጭምር ከሆነ ግን ችግሩ ማህፀኑ ላይ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ማህፀን ማውጣት አያቆመውም፤ ሌላ የሚደማ ሰፊ ገጽ ይጨምራል እንጂ። ሁለቱ አብረው ሲመጡ፣ ማለትም ማህፀኑ በመድኃኒትና በባሉን አልጠነክር ሲል፣ ደም እየገባ ኦፕራሲዮን ይወሰናል። ደም በመንገድ ላይ ከሆነ የሆድ ዋና ደም ሥርን በቡጢ ከእምብርት በላይ ትንሽ ወደ ግራ አድርጎ ወደ አከርካሪው መጫን ደቂቃዎችን ይገዛል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር በፕሪኤክላምፕሲያ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በየመቀመጫው 5 ግራም በጡንቻ የሚወጋው የተለመደው አሰጣጥ ደሟ በማይረጋ ሴት ላይ ትልቅ የደም እብጠት ያስከትላል። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በሰዓት 1 ግራም በደም ሥር ይሁን። ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ ከጠፋ፣ ወይም ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ካነሰ የሚቀጥለው መጠን ይቆማል። ካቴተር ገብቶ ሽንት በየሰዓቱ ካልተለካ ማግኒዚየሙንም ኩላሊቷንም በጭፍን ነው የምንመራው። ሌላውንም መርፌ ሁሉ በጡንቻ ከመውጋት ይቆጠቡ።

ቆርጬ የምመክረው ይህን ነው። እንደ እንጨት የደረቀ ሆድና የሞተ ፅንስ ይዛ የገባች እናት፣ ደሟ ይርጋም አይርጋ፣ የመርጋት ችግር እንዳለባት ተቆጥራ ትያዝ። በገባች በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃ ሁለት ትልልቅ ካኑላ፣ የደም ዓይነትና ክሮስማች፣ የመስታወት ቱቦው፣ የሽንት ካቴተር፣ እና ለ4 ዩኒት ሆል ብለድ ስልክ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ በእናንተ ጉዳይ ስልኩ የተደወለው ደሙ አልረጋ ካለ በኋላ ይመስላል፤ 5 የምጥ ሰዓት ነበራችሁ፤ ደም ለማስመጣት ይበቃ ነበር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ምጡ እስኪፋፋም ሳይጠብቅ፣ እናቲቱን ደም ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ይላክ፤ ከዚያው ይደውል፤ ደሙ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ይጠብቃት።

መላክ ወይስ ማቆየት ለሚለው፣ ወሳኙ በቤታችሁ ያለው ደም ነው። 4 ዩኒትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ወይም በ1 ሰዓት ውስጥ ከደረሰላችሁ፣ አዋልዳችሁና ተክታችሁ፣ ከተረጋጋች በኋላ ላኩ። ምንም ደም ከሌለ ወዲያው ትሂድ፤ የመውለጃዋ ሰዓት ገና ከሆነም ሳትወልድ ትሂድ። መንገድ ላይ አብሯት የሚሄደው ሾፌርና ዘመድ ብቻ አይሁን፤ አዋላጅ ነርስ፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ብርድ ልብስ፣ እና የሚሰጥ ደም ካለ ከነመስጫ ቱቦው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ደም መፍሰስ» ብቻ አይጻፍ፤ የወለደችበት ሰዓት፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱ የተሰጠበት ሰዓት፣ ስንት ሊትር ፈሳሽና ስንት ዩኒት ደም እንደገባ፣ ቱቦው በስንት ደቂቃ እንደረጋ ወይም እንዳልረጋ ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም ፕላዝማ ለማቅለጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ስልክ ከደረሰው እናንተ በር ላይ ስትደርሱ ፕላዝማው ዝግጁ ይሆናል።

መድማቱ ከቆመ በኋላ አደጋው ፊቱን ያዞራል። ብዙ የደማችና ብዙ ደም የወሰደች ወላድ በቀጣዮቹ ቀናት በእግሯና በሳንባዋ ደም የመርጋት ዕድሏ ከፍ ይላል። 12–24 ሰዓት ሳትደማ ከቆየችና ፕላትሌቷ ከ50 ሺህ በላይ ከሆነ የመከላከያ ሄፓሪን ይጀመር፤ ቶሎ ከአልጋ ትውረድ፤ ኩላሊቷ ይመርመር። የደም ዓይነቷ ኔጋቲቭ ከሆነ የአንቲዲ መርፌ (ሰውነቷ ቀጣዩን ፅንስ የሚያጠቃ ነገር እንዳያበጅ የሚከላከል) አይዘንጋ። ወደ ቤት ስትሄድ በካርዷ ላይ የእንግዴ ልጅ መላቀቅ እንደነበረ ተጽፎ ይሰጣት፤ ሊደገም ይችላልና። በሚቀጥለው እርግዝና ከ12 ሳምንት ጀምሮ ከ20 ሳምንት በፊት ዝቅተኛ መጠን አስፕሪን እንድትጀምር፣ ግፊቷ በየጊዜው እንዲታይ፣ የምትወልደውም ደም በሚገኝበት ሆስፒታል እንዲሆን ለእርሷም ለባሏም አንድ ላይ ይነገራቸው።